ብርድ ልብስ ለአዳማ

ደሞዝ ጸጥተኛ ነገር ነው። ሲመጣ ድንኳን አይተከልለትም፤ መድረክ ላይ ወጥቶ ፎቶ አይነሳም፤ ማንም ተነስቶ አያጨበጭብለትም። ድምፅ ሳያሰማ ይገባል፣ ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል። ሽልማት ግን ሌላ ነው። ሽልማት ድምፅ ማጉያ ይወዳል፣ አበባ ይወዳል፣ የሆቴል አዳራሽ ይወዳል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንግግር ይወዳል። ደሞዝ ለሁሉም ይደርሳል፤ ሽልማት ለአንዱ ይደርስና የቀረነው እናጨበጭባለን። ባዶ እጅ ለማጨብጨብ ይመቻል።

አስተማሪ ነኝ። አዳማ ውስጥ፣ ንፋስና አቧራ በማይለየው አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ስለ መምህር የሚነገረውን ሁሉ ሰምቼ ጨርሻለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። መምህር የዕውቀት አባት ነው፤ መምህር ትውልድ ቀራጭ ነው፤ መምህር እንደ ሻማ ራሱ ቀልጦ ለሌላው ያበራል። ይህቺን የሻማ ነገር ያመጣት ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ክፉ ሰው ግን አይመስለኝም። ብቻ ሻማ መቼ እንደሚታወስ እናንተም ታውቃላችሁ። መብራት ሲጠፋ ነው። መብራቱ ሲመጣ እፍ ተብሎ ወደ መሳቢያው ይመለሳል። እኛም ኑሮው ከበደን፣ ደሞዛችን ይታይልን ባልን ቁጥር ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፣ በሂደት ይፈታል እንባላለን። እስከዚያው ግን ሞዴል መምህር ተመርጦ ይሸለም ይባላል። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ከየትምህርት ቤቱ በየዓመቱ አንድ ሞዴል መምህር ይላክ ሲባል፣ መጀመሪያ ላይ የምር መስሎን ተጣልተንበታል። መስፈርት አለ፤ መስፈርቱ ነጥብ አለው፤ ነጥቡ ደግሞ ጓደኛ አለው። በዚህ የተነሳ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ሻይ እንኳ ተለያይተን የምንጠጣበት ጊዜ ነበር። ያስታረቁን ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። ጋሽ ቶሎሳ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ናቸው፤ ጡረታቸው ደጃፍ ላይ የቆመ፣ አሁን ከጥላቸው ስር የምንጠለልባቸውን የግቢያችንን ዛፎች በእጃቸው የተከሉ ሰው።

«ኢጆሌ» አሉን አንድ ቀን፤ ለእሳቸው ሁላችንም ልጆች ነን። «ለአንድ ወረቀትና ለአንድ ፔርሙዝ ምን ያጣላናል? እቁብ እናድርገው።»

አደረግነው። ስማችንን በቁራጭ ወረቀት ጽፈን፣ ጠቅልለን፣ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ውስጥ እንጨምራለን። እጣ የወጣለት የዓመቱ ሞዴል መምህር ይሆናል። እንደ ማንኛውም እቁብ፣ የባሰ ችግር ለገጠመው ተራን መልቀቅም ይፈቀዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ሥራ ነው፤ እሱን እኔና ጋሽ ቶሎሳ እንጨርሰዋለን። እኔ የባለእጣውን የሥራ ታሪክ በአማርኛ አሳምሬ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ወደ አፋን ኦሮሞ ይመልሱታል። ሲመልሱት ግማሹ ይቀራል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው፣ ውሸቱ አልተረጎም እያለኝ ነው ይላሉ። እንዲህ እያደረግን ለጥቂት ዓመታት በሰላም ተሸለምን። ፔርሙዝ የደረሰው አለ፤ የግድግዳ ሰዓት የደረሰው አለ። ማንም ማንንም አልተቀየመም።

ያለፈው ዓመት ግን ወሬ መጣ። የዓመቱ ተሸላሚ የቤት መሥሪያ ቦታ ይሰጠዋል ተባለ። ወሬው ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም፤ የጠየቃችሁት ሁሉ «ከላይ ነው የሰማሁት» ይላችኋል፣ ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤት ያለው ይመስል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት ለተማሪዎቼ ያብራራሁት በዚያው ሳምንት ነበር። አላዳነኝም። የጠመኔው ካርቶን ሲመጣ የኔም ልብ ከሌላው ጊዜ ፈጥኖ መታ።

እጣው ለጋሽ ቶሎሳ ወጣ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለን። እሳቸው ግን ወረቀቷን ዘርግተው አይተው፣ መልሰው ጠቀለሏትና ጥግ ላይ ተቀምጣ ደብተር ታርም ከነበረችው ከሰዓዳ ፊት አስቀመጧት።

ሰዓዳ የፊዚክስ መምህርታችን ናት፤ የአርሲ ልጅ። እኔ ክፍል ተማሪ ሲዘገይ በር ላይ ቆሜ እቆጣለሁ፤ እሷ ክፍል ቀድመው የሚገቡት ተማሪዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ባጃጅ ለምን እንደሚገለበጥ ለማስረዳት ክፍሉን በሙሉ ይዛ ወደ መንገዱ ወጥታ ነበር፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይቀሩ ቆመው ተማሩ። ታዲያ ይህቺ ሴት ባሏ ካረፈ ወዲህ ከሁለት ሴት ልጆቿና ከእናቷ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው የምትኖረው። አሰላ የጨርቃጨርቅ ሱቅ ያላት እህቷ፣ ማስተማሩን ተይውና መጥተሽ አብረን እንሥራ እያለች ከጠራቻት ቆይቷል። ሰዓዳ አልሄደችም። በዚያ ሰሞን ግን መሄዷ እንደማይቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ልጆቿ አድገው ክፍሏ ጠቧታል።

«ጋሽዬ፣ ይሄማ የእርስዎ ነው» አለች ወረቀቷን እየመለሰች።

«እኔ ያባቴ ቤት አለኝ» አሏት። «አንቺ ከሄድሽ ፊዚክሱን ማን ያስተምረዋል? እኔ ነኝ?»

ሰዓዳ ሻርፗን አስተካከለች። ቦታው ከተገኘ የትም አልሄድም አለች። እንደዚያ ስትል ሁላችንም ሰማናት። የዚያን ጊዜ የጻፍኩት ታሪክ በሕይወቴ ካሳመርኳቸው ጽሑፎች ሁሉ የበለጠ ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ሲተረጉሙት አንድም ቃል አልቀነሱም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀነስ አላገኙበትም። በእጣ የጀመርነው ጨዋታ ዞሮ ዞሮ ትክክለኛዋ ሰው ላይ አረፈ።

ሽልማቱ የተሰጠው በአንድ ትልቅ ሆቴል አዳራሽ ነው። ከሞጆም፣ ከመቂም፣ ከቢሾፍቱም የመጡ ተሸላሚዎች ነበሩ። እኔ አጃቢ ሆኜ ገባሁ። ንግግር ተደረገ፤ ሻማው ተጠቀሰ፤ አጨበጨብን። ሰዓዳ ስሟ ሲጠራ ወጣች። በወርቃማ ክር ያጌጠ ካባ ደረቡላት፣ ፎቶ አነሷት፣ ከዚያ ካባውን ከትከሻዋ አውልቀው ለሚቀጥለው ሰው ደረቡለት። ካባው አንድ ብቻ ነበር። እሷ ይዛ የወረደችው በመስታወት የተለበጠ የምስክር ወረቀትና በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ትልቅ ካርቶን ነው። ከትልቅነቱ የተነሳ እኔ ተነስቼ በአንደኛው ወገን ያዝኩላት። የቴሌቪዥን ካሜራው ሁለታችንንም ተከትሎን እስከ ወንበራችን መጣ። ስለ ቦታ ያነሳ ሰው አልነበረም። መጨረሻ ላይ ይነገራል ብለን ጠበቅን፤ መጨረሻ ላይ የተነገረው ምሳ ዝግጁ መሆኑ ነው።

ካርቶኑን የከፈትነው ባጃጅ ውስጥ ሆነን ነው። ብርድ ልብስ ነበር። ወፍራም፣ ድርብ፣ አንበሳ የተሳለበት ብርድ ልብስ። አዳማን የማታውቋት ካላችሁ ልንገራችሁ፤ እኛ አገር ሰው ማታ አንሶላውን ገፍፎ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ እንቅልፍን እየለመነ ነው የሚያድረው። የገዛው ሰው ደገኛ ሳይሆን አይቀርም። ሰዓዳ አንበሳውን ዳበስ አደረገችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍላችሁም ነበር።

በዚያው ምሽት በቴሌቪዥን ታየች። ጋዜጠኛው ሞዴል መምህራን በልዩ ልዩ ሽልማቶች ተንበሸበሹ አለ። ይህቺ «ተንበሸበሹ» የምትባል ቃል ሰዓዳን ምን እንዳደረገቻት አሁን እነግራችኋለሁ።

የአዳማ ሰው ለአስተማሪ የሚያደርገው፣ የትም ያልተጻፈ አንድ ነገር አለ። የድሮ ተማሪ ባጃጅ ሲነዳ ካገኛችሁ «ቲቸር፣ ተይው» ብሎ ሂሳብ አይቀበልም። ባለሱቁ በወር መጨረሻ ፊቱን አያጠቁርም። አትክልት ሻጯ ከመዘነች በኋላ አንድ ሁለት ሽንኩርት ትጨምራለች። የሰዓዳ አከራይ ሐጂ ከማል ደግሞ፣ ሰፈሩ በሙሉ ኪራይ ሲጨምር እሳቸው ሳይጨምሩ ቆይተዋል። ይሄ ሁሉ ከመጽሐፍ የተማርነው ክብር እንዳይመስላችሁ። ሐዘኔታ ነው። ምስኪን አስተማሪ ናት፣ ምን አላት ብለው ነው። እኛም ሐዘኔታ መሆኑን እያወቅን፣ ክብር ነው ብለን ተቀብለን እንኖራለን። ያኖረንም እሱ ነው። የተንበሸበሸ ሰው ደግሞ አይታዘንለትም።

በማግስቱ ባጃጅ ነጂው «ቲቸር፣ እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ሂሳቡን ተቀበለ። ሽንኩርቱ በልኩ ተመዘነ። የሩቅ ዘመዶች የታመመ ሰው አለብን እያሉ ደወሉ። እኛ ራሳችን፣ ብርድ ልብሱን ያየን ሰዎች፣ መቼ ነው የምትጋብዢን አልናት፤ ልማድ ነውና። ከሁሉም በኋላ ሐጂ ከማል መጡ። ብረታ ብረትና ሲሚንቶ የሚሸጡ፣ ሰላትም ሰዓትም የማያሳልፉ፣ ጨዋ የወሎ ሰው ናቸው። በር ላይ ቆመው መረቋት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ፣ መንግሥት አሰበሽ» አሉ። «እስከ ዛሬ ያልጨመርኩብሽ አቅምሽን አይቼ ነው። አሁንማ እኔም የማሳድጋቸው አሉኝ።»

ሰዓዳ ምን ታድርግ? ገብታ ብርድ ልብሱን አምጥታ ዘረጋችላቸው። የተሰጠኝ ይሄ ነው፣ ሐጂ፣ ሌላ የለም አለች። እሳቸው ቀረብ ብለው እንደ ነጋዴ በጣታቸው አሹትና ጥሩ ዕቃ እንደሆነ መሰከሩ። ቀጥለው ግን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቦታውስ የት ደረሰ አሏት። ወሬው እሳቸውም ጋ ደርሶ ነበር። የለም ብላ በማለች ቁጥር፣ ሰው ያገኘውን መደበቁ ያለ ነው በሚል ዓይን አዩዋት። ኪራዩም ተጨመረ። ሐጂን አልወቅሳቸውም። እናንተስ ብትሆኑ፣ መንግሥት ሰው ሰብስቦ፣ ካሜራ አቁሞ፣ ካባ ደርቦ ለብርድ ልብስ ብቻ ነው ቢሏችሁ ታምኑ ነበር?

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል ያገሬ ሰው። በሰዓዳ አይፈረድም፤ ቆጡ ላይ ያወጣናት እኛ ነን። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ሲያልቅ ውጤቱን ሞልታ አስረከበች፤ ልጆቿንና እናቷን ይዛ አሰላ ገባች። የሸኘናት ከመናኸሪያ ነው። ጋሽ ቶሎሳ ሚኒባሱ ከተንቀሳቀሰ በኋላ «አይ» ብለው ቀሩ። እኔ አዝኛለሁ። ዛሬም፣ በእሷ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ እንዳይረብሹ ተብዬ ስገባ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ጠፍቶኝ ተረትና ምሳሌ ስጽፍ፣ ልጆቹ ሳይረብሹ ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ፣ አዝናለሁ።

ባለፈው ሰሞን ለጋሽ ቶሎሳ ደውላ ነበር። ሱቁ ደህና ነው አለች። አሰላ ግን ብርዱ ለጉድ ነው፤ ያ ብርድ ልብስ ባይኖር ልጆቼ በምን ይሞቁ ነበር አለች። ለካ ሽልማቱ አልተሳሳተም። ወዴት እንደሚልካት ከእኛ ቀድሞ ያውቅ ኖሯል።

ዘንድሮም ይላክ ተባለ። የጠመኔው ካርቶን ወጣ። ድሮ በተስፋ ይገባ የነበረው እጅ አሁን ሳይፈልግ ገባ፤ የእያንዳንዳችን ጸሎት ስማችን እንዳይወጣ ነበር። የኔ ስም ወጣ። ተራዬን ለመልቀቅ ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ የሚቀበለኝ አጣሁ። ጋሽ ቶሎሳ እቁብ እምቢ አይባልም አሉኝ። ሁሉም አጨበጨቡ፤ እንዲህ ከልባቸው ሲያጨበጭቡ አይቼ አላውቅም።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ አከራዬ እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቁኝ። በሰሃን ምስር ወጥ ይዘዋል። «እንካ፣ የኔ ምስኪን፣ ምሳም አልበላህ ይሆናል» አሉኝ። ተቀበልኩ። «ምስኪን» የምትለዋ ቃልም እንደ ወጡ ሞቀችኝ። ከኋላቸው፣ ክፍት በሆነው በር፣ ልጃቸው የገዛላቸው ትልቁ ቴሌቪዥን ዜና ያነባል።

ከአንባቢዎቼ መካከል ቴሌቪዥን የሚያበላሽ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። የሚጠግንማ አዳማ ሞልቷል፤ እኔ ያጣሁት ለአንድ ምሽት ብቻ የሚያበላሽ ነው።