ሊቀ ሶኬት እና የሐምዱ ክብሪት

የትም ሳይሄድ ሂያጁን ሁሉ የሚመክር ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲያልፍ ያያል እንጂ ሆዱ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ግን «መስኮቱ ጋ ተቀመጥ» የሚልህ እሱ ነው። ሞጣም የራሷ አላት፤ ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር፣ ክቡር አካለ ወልድ። ከተማው በቅኔ ቤት አገር ደንብ ማዕረግ ጨምሮላቸው «ሊቀ ሶኬት» ይላቸዋል።

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለው ተረት እሳቸው ላይ አልሠራም። ከባሕር ዳር ወዲያ አልፈው አያውቁም፤ የሳሎናቸው ግድግዳ ግን ከዳር እስከ ዳር ምስማር ነው፤ በየምስማሩ ላይ የየአገሩ አዳፕተር ተንጠልጥሏል፤ የእኛን ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒና ከሰው አገር ሶኬት ጋር የሚያስማማው ያ ትንሽ ነገር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ አዳፕተሮቹ ላይ ስታርፍ መምህሩ ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። «ይሄ ጠፍጣፋው የጃፓን ነው» ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «መቶ ቮልት ብቻ። ቀስ ብሎ የሚናገር አገር። ያ ወፍራሙ የደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሲሰኩት ደረቱን ነፍቶ ይገባል።» ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ ቶኪዮ ውስጥ አንድ የማያውቁትን ግድግዳ በጣታቸው ሲዳብሱ የምታያቸው ይመስልሃል። ስታያቸው አንተም ትሄዳለህ።

ታዲያ አይሸጡም፣ አይሰጡም፤ ያውሳሉ። ዱባይ የሚሄደው፣ ቤይሩት የምትሄደው፣ ከቢቸና ሳይቀር መጥቶ ይዋሳል። ስሙ ከምስማሩ በታች በእርሳስ ይጻፋል፤ ትምህርቱንም ወደደም ጠላም ይሰማል። ትምህርቱ ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይጀምራል፦ «መጀመሪያ ጀርባውን አንብብ!» ማንኛውም መሣሪያ ስንት ቮልት እንደሚችል ጀርባው ላይ ተጽፎበታል። «አዳፕተር ቅርጹን ያስማማል እንጂ ጉልበቱን አይቀይርም፤ ሳታነብ ከሰካህ ዕቃህን በሰው አገር ቀብረህ ትመጣለህ።» ፀጉር ሠሪዋ ስርጉት በመቶ ሃያ ቮልት የሚሠራ የውጭ ማድረቂያ እዚህ ሰክታ ያቃጠለች ዕለት፣ መምህሩ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሄዱና «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ለቅሶ ደረሱ።

ጎረቤታቸው ሐምዱ ግን ይህን ትምህርት አይወድም። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ በልጅነቱ ዘጠነኛ ክፍል መምህሩ አስተምረውት በፊዚክስ ወድቋል። የሐምዱ ኤሌክትሪክ አንድ ሕግ ብቻ አለው፦ የሽቦውን ጫፍ ልጠህ ሶኬቱ ውስጥ ክተት፣ በክብሪት እንጨት ወትፍ። ሬዲዮው በክብሪት ነው የሚዘፍነው፤ አምፖሉም በክብሪት ነው የሚበራው። መምህሩ ሱቁን ባዩ ቁጥር «አንተ ልጅ፣ ይሄ ሱቅ ነው ወይስ ደመራ?» ይሉታል።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ ሐምዱ ከሚስቱ ከኸይራት ጋር ለሐጅ እስኪነሳ። ኸይራት አስም አለባት። አቧራ ሲነሳባት ደረቷ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱን ወደ ጉም ቀይሮ የሚያስተነፍሳት ትንሽ መሣሪያ ቶሎ ካልተሰካላት ከንፈሯ ይጠቁራል።

መምህሩ ይህን ያውቃሉ። ሰባት ቀን ሙሉ ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በኋላ በሐምዱ በር ገቡ።

«የዚያ አገር ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ ነው። በክብሪት ተከፍቶ የሚጠብቅህ እንዳይመስልህ።»

«እሺ መምህር።»

«በድሮ ሕንጻ ከሆነ ስንት ቮልት እንደሆነ ጠይቅ። እጅህ በሰላት ትጥበት፣ በውዱእ ርሶ ሳለ እንዳትነካ።»

«መምህር! እኔ ሐጅ ልሄድ ነው እንጂ መብራት ልዘረጋ አይደለም!»

«ሐጅህን ይቀበልልህ። እጅህን ግን አድርቅ።» ኸይራትን አየት አደረጉና ጨመሩ፦ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፣ የአገሩን ሶኬት በአገሩ ስፒና።» የዚያን አገር አዳፕተር በወረቀት ጠቅልለው ሻንጣው ውስጥ አስቀመጡ።

ሐምዱ እሳቸው እንደወጡ አዳፕተሩን ከሻንጣው አውጥቶ መስኮት ላይ ጣለው። በምትኩ ሁለት ፓኮ ክብሪት ከተተ። ክብሪቱን አዲስ አበባ ላይ ፈታሾች ወሰዱበት።

መካ በገቡ በአራተኛው ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ነው የሆነው። ከሰው ባሕር ወጥተው ክፍላቸው እንደገቡ ኸይራት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ደረቷን ያዘች። ለመጪው ሰላት ውዱእ ጀምሮ የነበረው ሐምዱ ሮጦ መሣሪያውን አወጣና ግድግዳውን ተመለከተ። ሦስት ጠፍጣፋ ቀዳዳ። ልክ እንደተባለው።

አሁን ክብሪት ከየት ይምጣ? ዞር ዞር አለ። ለሱና ጥርሱን የፋቀበትን እርጥብ ሚስዋክ አየ። ያ አላህ! ሚስዋኩን በጥርሱ ሰንጥቆ ሁለት ስንጣሪ አዘጋጀ፤ ስፒናውን ቆርጦ ሽቦውን ሊልጥ ጥፍር መቁረጫውን አነሳ። ከክንዱ የውዱእ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። የሚስቱ ትንፋሽ እንደ ቀጭን ፉጨት ይሰማዋል፤ ከፉጨቱ በስተቀር ምንም አይሰማውም፣ ምንም አያስብም።

ኸይራት ገመዱን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች።

«ልቀቂ! ላድንሽ ነው!»

ራሷን ነቀነቀች። መናገር አልቻለችም። በአገጯ የራሷን ቦርሳ አሳየችው። ሐምዱ ቦርሳውን ዘረገፈው፤ ከመስኮቱ ላይ አንስታ ያመጣችው አዳፕተር በወረቀቱ እንደተጠቀለለ ዱብ አለ። ወረቀቱ ላይ በመምህር እጅ ጽሕፈት ተጽፏል፦ «ሐምዱ፣ ክብሪቱን አስቀምጥ። እጅህን አድርቅ። ጀርባውን አንብብ። አሁን ሰካ።»

ሐምዱ ሚስዋኩን አስቀመጠ። እጁን በፎጣ አደረቀ፣ ሁለት ጊዜ። መሣሪያውን ገልብጦ ጀርባውን አነበበ፤ ሁለት መቶ ሃያ። የግድግዳውም እንደዚያው ነበር። ሰካው። መሣሪያው እምም አለ፤ ነጩ ጉም ወጣ። ኸይራት ተነፈሰች፤ ቀስ እያለች፣ ደግማ ተነፈሰች። ሐምዱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ።

ወደ ሞጣ እንደተመለሱ በመጀመሪያው ቀን ሐምዱ ቴምርና የዘምዘም ውኃ ይዞ ወደ ሊቀ ሶኬት ቤት ሄደ። ሚስዋኩን ሳይደብቅ ነገራቸው።

«እርጥብ እንጨት!» አሉ፣ ቀለማቸው ጠፍቶ። «እርጥብ እንጨት ኮረንቲ ያሳልፋል ብዬ አላስተማርኩህም?»

«አስተምረውኛል። ወድቄ ነው።»

 መምህሩ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «ግድግዳው ምን ቀለም ነበር? ሲሰኩት ድምፁ እንዴት ነው?»

ሐምዱ ነገራቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ነበረች፤ ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ መካ ነበሩ።

አዳፕተሩን ምስማሩ ላይ ሲሰቅለው ሦስት ባዶ ምስማሮች አየ፤ ከሥራቸው ስም አለ፣ እርሳሱ ደብዝዟል። «መምህር፣ ርካሽ ዕቃ ነው። ለምን አይሰጡም? ለምን ያውሳሉ?»

«የተሰጠው ሰው ይሄዳል» አሉ፣ የአንደኛውን ባዶ ምስማር አቧራ በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «የተዋሰ ሰው ግን መመለስ አለበት።»

ሐምዱ የደበዘዙትን ስሞች አንድ በአንድ አነበበ።

በሳምንቱ የጨርቅ ጥቅሉን ተሸክሞ ጠዋት በራቸው ላይ ቆመ። «መምህር፣ አዳፕተር ያውሱኝ።»

«ደግሞ ወዴት ልትሄድ?»

«ቢቸና።»

«ቢቸና? የቢቸና ሶኬት እኮ የእኛው ነው፣ አንተ ሰው!»

«አውቃለሁ። ቢሆንም ያውሱኝ።»

መምህሩ አዩት። ከዚያ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ አውርደው ከምስማሩ በታች «ሐጂ ሐምዱ፤ ቢቸና» ብለው ጻፉ፤ ወንበርም ሳቡለት። ውጭ የቢቸናው መኪና ጥሩንባውን ይነፋል። ሐምዱ ጥቅሉን አውርዶ ተቀመጠ።

«እሺ» አሉ ሊቀ ሶኬት ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ «መጀመሪያ ጀርባውን አንብብ።»