አርባ እርምጃ ሲቀረኝ

ወገን፣ ቆማችሁ የምታነቡ ቁጭ በሉ። የተቀመጣችሁ ደግሞ የያዛችሁትን ብርጭቆ አስቀምጡ።

ማን እንደሞተ ሳያውቅ ድንኳን ገብቶ እንባውን ያፈሰሰ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን አያችሁ። እኔ ነኝ። ዛሬ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ አንኮበር።

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። (መጀመር ላይ ችግር የለብኝም። ችግሬ ከዚያ ወዲያ ነው።)

ለማታውቁኝ፣ ሙሉጌታ እባላለሁ፣ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ደብረ ብርሃን ፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ሌላው ሰው ጽፎ የጨረሰውን እያባዛሁ ነው የምኖረው። ራሴ የጨረስኩት ነገር የለም።

ዲግሪዬን ሁለት ኮርስ ሲቀረኝ ተውኩት። የመንጃ ፈቃድ የጽሑፉን ፈተና አልፌ የመንዳቱን ሳልፈተን ቀረሁ። ቤቴ ግድግዳው ከቆመ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጣራ ግን የለውም። ሳሎኑ ውስጥ ጎመን ተክለንበታል። (የተከለችው ሚስቴ ናት። እኔ መደቡን ጀምሬላት ነበር።)

ሚስቴ ዘነቡ ሙሉጌታ ብላ አትጠራኝም። "ግማሽጌታ" ነው የምትለኝ። ሰው ፊትም።

ታዲያ ይሄ ግማሽጌታ ከአራት ወር በፊት እዚሁ ገጽ ላይ ምን ብሎ ፖስት አደረገ?

"ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር በሩጫ! የአባቴን በር በእጄ ሳልነካ አላቆምም!"

አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው እኮ! ላይኩ ጎረፈ። አንዱ ደንበኛዬ "ጋሽ ሙሌ፣ ከተማውን ከወጣህ ደውልልኝ" ብሎ ኮሜንት ሰጠኝ። እሱም አራት መቶ ላይክ አገኘ። ከእኔ ይበልጣል።

አሁን ትንሽ ቁም ነገር ላውራ፣ ታገሱኝ።

ይሄ መንገድ የአባቴ መንገድ ነው። ሃይስኩል ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ስማር፣ አባዬ በየአስራ አምስት ቀኑ ስንቄን ተሸክሞ ከአንኮበር ይመጣልኝ ነበር። በሶ፣ ድርቆሽ፣ በወረቀት የተጠቀለለች በርበሬ። እስከ ጉልበቱ አቧራ ለብሶ የተከራየሁበት ቤት በር ላይ ይቆማል።

"አባዬ፣ መኪና አጣህ እንዴ?" እለዋለሁ።

"እኔ ይሄን መንገድ በእግሬ ጨርሼ የምመጣው፣ አንተ የጀመርከውን እንድትጨርስ ነው" ይለኛል።

አባዬ አረፈ። ሁለቱ ኮርሶች አሁንም አሉ።

ስለዚህ በዕድሜዬ አንዲት ጊዜ ያን መንገድ በእግሬ ጨርሼ፣ ያቺን የጥድ በር ነክቼ፣ "አባዬ፣ ጨረስኩ" ማለት ፈለግኩ። ፕላኑ ይኸው ነበር። ቀልድ የለበትም።

አራት ወር ተለማመድኩ። የሰፈሩ ውሾች መጀመሪያ ያባርሩኝ ነበር። በኋላ ሰለቸኋቸው መሰለኝ፣ ተጋድመው ያዩኛል።

ዛሬ ንጋት ላይ ዘነቡ ብርዱን አይታ የራሷን ሐምራዊ ሻርፕ ጭንቅላቴ ላይ፣ ጆሮዬ ላይ፣ አፍንጫዬ ድረስ ጠመጠመችልኝ።

"ትሞታለህ" አለችኝ።

"አልሞትም።"

"እሺ። ሻርፔን ግን መንገድ ላይ እንዳትጥልብኝ።"

ወጣሁ። አንኮበር ላለችው ታላቅ እህቴ ለእትዬ ወርቄ አልነገርኩም፣ ሰርፕራይዝ ላደርጋት ነው። የአባዬ ቤት ውስጥ የምትኖረው እሷ ናት። እናታችን ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችኝም እሷ ናት። ፌስቡክ አታይም፣ ግፊት አለባት።

ስልኬ ላይ ኪሎ ሜትር የሚቆጥር አፕ ጭኜ ነበር። አንዲት ሴትዮ በየኪሎ ሜትሩ "በርታ" ትለኛለች። ሃያ ሁለተኛው ላይ ቻርጁ አለቀ። ስልኬም የባለቤቱን ጸባይ ወርሷል።

ግን ሮጥኩ! በገብሱ ማሳ መሃል፣ ነፋሱ ፊት ለፊት እየነፈሰብኝ፣ በጎች ቀና ብለው እያዩኝ ሮጥኩ። ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ሩጫ ይባል እንደሆነ እንጃ። እግሬ እየተከተለኝ ነበር ማለት ይሻላል።

እዚህ ጋ በደንብ አንብቡ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው።

አንድ ሚኒባስ ከኋላዬ መጥቶ ቀስ አለ። በመስኮት አንገቱን ያወጣው የእህቴ ጎረቤት ደምሴ ነው፣ ቆላ ወርዶ አልዩ አምባ ገበያ እየሄደ።

"ሙሌ! አንተ ነህ? ምን ሆነህ ነው? ግባ እንጂ!"

"ተወኝ!" አልኩ እያለከለክኩ። "መንገዱ አለቀልኝ!"

መንገዱን ልጨርሰው ነው ማለቴ ነው። "መንገዱ" የምትለዋን ቃል ግን ነፋሱ ወሰዳት። ለደምሴ የደረሰችው "አለቀልኝ" ብቻ ናት።

ደምሴ ደግ ሰው ነው። ወዲያው ፒክአፕ ወዳላቸው የእድር ዳኛ፣ ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ደወለ።

"ሙሉጌታን መንገድ ላይ አገኘሁት። አልቆለታል። መኪና ላኩለት።"

ደከመ ማለቱ ነበር። ከዚያ አልዩ አምባ ወረደ፣ ኔትወርክም አጣ።

ጋሽ ወንድይፍራው ዕድሜ ልካቸውን ሰው የቀበሩ ዳኛ ናቸው። "አልቆለታል፣ መኪና ላኩለት" ሲባሉ ምን ይረዳሉ?

የእኔን ስልክ ሞከሩ። ዝግ ነው።

በቃ!

ይሄን ሁሉ ያኔ የማውቅ እንዳይመስላችሁ። እኔማ እየሮጥኩ ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ፒክአፕ ከአንኮበር በኩል እየበረረ መጣ። ከኋላ አራት ሰዎች ጋቢ ተከናንበው አንገታቸውን ደፍተዋል፣ መሃላቸው ቃሬዛ አለ።

ቆምኩ፣ አማተብኩ፣ እጄን አንስቼ "ነፍስ ይማር!" አልኳቸው።

"ይማር" አሉኝ በአንድ ድምፅ።

አለፉ።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ፣ ጉሙም መጣ። ከጉሙ ውስጥ ደግሞ የለቅሶ ድምፅ መጣ። በቀረብኩ ቁጥር ድምፁ ወደ አባዬ ቤት ሄደ። ከቤቱ በታች ካለው ሜዳ ላይ የእድሩን ድንኳን አየሁት።

እትዬ ወርቄ!

ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ግፊት ያለባት እሷ፣ በዚያ ቤት የምትኖረው እሷ። ያ ቃሬዛ የማን ነበር? ወደ ድንኳኑ ሮጥኩ።

በሩ ከላይ ይታየኛል። ወለል ብሎ ተከፍቷል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በር የሚባል ነገር አላስታወስኩም።

የእኛን አገር ሥርዓት ታውቁታላችሁ። ድንኳን በር ላይ ቆሞ "ማን ሞተ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። እያለቀስክ ነው የምትገባው። እኔም ፊቴን በሻርፑ እንደሸፈንኩ "እናቴ! እናቴን!" እያልኩ ገባሁ። አግዳሚው ጥግ አስቀመጡኝ። አለቀስኩ። እትዬ ያዘለችኝን አለቀስኩ፣ ሰርፕራይዜን አለቀስኩ።

አጠገቤ ያሉ አንድ አዛውንት ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ።

"በቃህ ልጄ። እዚህም እኮ እንዳንተ አንጀቱ የተላወሰ የለ። ለሟቹ ምኑ ነህ?"

ሟቹ?

"ሟቿ" አይደለም እንዴ?

"አባቴ፣ ሟቹ ማነው?" አልኳቸው በለሆሳስ።

"የወርቄ ወንድም ነዋ። ከደብረ ብርሃን ሲመጣ መንገድ ላይ ወድቆ። ደግ ሰው ነበር ይላሉ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ብቻ የጀመረውን አይጨርስም።"

እህቴ አንድ ወንድም ብቻ ነው ያላት።

ይሄን ለመረዳት ስንት ሰከንድ እንደፈጀብኝ አልነግራችሁም። ጭንቅላቴ እየቆጠረ እያለ ከሴቶቹ በኩል እትዬ አስካለ ተነሳች። እትዬ አስካለ የአካባቢው አልቃሽ ናት። ሰውን በሕይወት እያለ አታማም፣ ሁሉንም ለለቅሶው ቀን ታስቀምጥለታለች።

ደረቷን እየደቃች እንዲህ አለች፦

"ስሙ ሙሉ ነበር ሥራው ሁሉ ጅምር፣
ሞትን ጨረሰልን ባንዴ ሳያሳድር።"

ሴቶቹ ዋይ አሉ። እሷ ቀጠለች፦

"ቤት ጀምሮ ነበር ጣራው የሚቀረው፣
አፈር ጨረሰለት፣ አፈር አለበሰው።"

ጎበዝ፣ ጣራዬን በምን አወቀች? አንኮበር ድረስ!

አዛውንቱ በጋቢያቸው እንባቸውን ጠረጉ። "ወይ ግጥም" አሉ።

ተነሳሁ። ሻርፑን ፈታሁ። ምን ልበል? እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ ያልኩት ይሄን ነው፦

"ጣራውን እኮ ዘንድሮ ላለብሰው ነበር።"

አዛውንቱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከአጠገቤ ሸሹ።

ቀጥሎ አንዲት ሴት ጮኸች። አግዳሚው ተገለበጠ። አንድ ቄስ መስቀላቸውን ወደ እኔ ዘርግተው "በስመ አብ" ማለት ጀመሩ። ጋሽ ወንድይፍራው መዝገባቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ወደ ኋላ ሄዱ።

በዚህ መሃል ፒክአፑ ተመልሶ መጣ። ሹፌሩ መሬት መሬት እያየ ገባ።

"ጋሽዬ፣ ደብረ ብርሃን ጫፍ ድረስ ፈለግን፣ ሬሳው የለም። አንድ ሐምራዊ ሻርፕ ያሰረ እብድ ነፍስ ይማር ካለን በቀር ሰው አላየንም።"

ሁሉም ወደ ሻርፑ ዞሩ።

ለራሴ ነው ነፍስ ይማር ያልኩት! በገዛ አፌ!

እትዬ ወርቄ ከሴቶቹ መሃል ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ፊቴን ዳበሰችው፣ ጆሮዬን ያዘች፣ ከዚያ በጥፊ አጮለችኝ። ከዚያ አቅፋኝ ሌላ ለቅሶ ተጀመረ።

"ስንት መኪና ባለበት አገር ምን አሮጠህ?" አለችኝ ትንፋሿ ሲመለስ።

"የአባዬን መንገድ ልጨርስ ብዬ ነው። ስንቄን ተሸክሞ በእግሩ ይመጣልኝ የነበረውን።"

እጇን ከትከሻዬ አነሳች።

"ማነው በእግሩ የመጣው?"

"አባዬ ነዋ።"

"አባዬ በጭነት መኪና ነበር የሚመጣልህ። ስንቁን ተሸክሜ መኪናው ላይ የማወጣለት እኔ ነኝ። ከተማው መግቢያ ላይ ይወርድና እግሩን አቧራ ያስነካዋል። 'ካላዘነልኝ አይማርም' ይል ነበር።"

ከሞቴ ይልቅ ይሄ አስደነገጠኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያ አቧራ ደረቴ ላይ ነበር! ለካ ለሁለት ደቂቃ የተለቀለቀ አቧራ ነው። ልናደድ ፈለግኩ። ግን መንገድ ዳር ቆሞ፣ ሰው እንዳያየው ግራ ቀኝ እያየ፣ ሱሪው ላይ አፈር የሚበትን አባት ታየኝ። ሳቄ መጣ። ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። ድንኳኑ ውስጥ የተቀሩትም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግራ ገባቸው።

"በል ሂድ" አለችኝ እትዬ። "ለዘነቡ መርዶ ተነግሯታል። በስልክ አያምኑም፣ ሄደህ ታይ።"

ንፍሮዬን ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ፣ እዚያው ፒክአፕ ላይ ጫኑኝ። ሹፌሩ ጋቢና እንድገባ አልፈቀደም። ከኋላ፣ ቃሬዛው አጠገብ ተቀመጥኩ። የራሴን ንፍሮ እየበላሁ በራሴ የሬሳ መኪና ተመለስኩ።

ገብሱ ማሳ ጋ ስንደርስ አንድ ነገር እንደ መብረቅ መታኝ።

በሩን አልነካሁትም!

ድንኳኑ ከቆመበት ሜዳ እስከ በሩ አርባ እርምጃ ነው። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፣ ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ያን ሁሉ ሮጬ፣ ሞቼ፣ ተነስቼ፣ አርባ እርምጃ!

"መልሱኝ!" ብዬ የጋቢናውን ጣራ ደበደብኩ። ሹፌሩ የሬሳ መኪና ከኋላ ሲደበደብ የሰማው ዛሬ የመጀመሪያው ነው መሰለኝ፣ ፍጥነት ጨመረ።

ቤት ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ ግቢያችን ውስጥ ነው። ዘነቡ መርዶውን ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው "ብዬው ነበር" ነው አሉ፣ ከዚያ ነው የወደቀችው። ሳገኛት ያለ ማጋነን አጥንቴ እስኪንቋቋ አቀፈችኝ። ሰፈርተኛው ሲበተን እግሬን ለብ ያለ ጨው ውሃ ውስጥ ነከረችልኝ፣ ሻርፗን ተቀበለችኝ።

"ነካኸው?" አለች።

"ምኑን?"

"በሩን ነዋ።"

እግሬን ውሃው ውስጥ አንቀሳቀስኩ።

"ስንት ቀረህ?"

"አርባ።"

"ኪሎ ሜትር?"

"እርምጃ።"

እስካሁን እየሳቀች ነው። ድምፅዋ ጎመኑ ካለበት ሳሎን ይሰማኛል።

ይሄን እየጻፍኩ ጋሽ ወንድይፍራው ደወሉ። ስሜን የሟቾች መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ጽፈውታል። "እንሰርዘው ወይስ እንዳለ ይቀመጥ? ያው አንድ ቀን መሞትህ አይቀርም" አሉኝ።

ይቀመጥ አልኩ። ቢያንስ እሱን ልጨርሰው።

እና እስቲ ፍረዱኝ። አባቴ በጭነት መኪና መጥቶ "በእግሬ ጨረስኩት" አለ። እኔ በእግሬ ሄጄ፣ ሳልጨርስ፣ በሬሳ መኪና ተመለስኩ። ከሁለታችን ማነው መንገዱን የጨረሰው?

እናንተስ፣ አርባ እርምጃ የቀረው ነገር ቤታችሁ የለም? ካለ ዛሬውኑ ተነሱና ጨርሱት። እትዬ አስካለ እንደሆነች ግጥሙን ጨርሳ እየጠበቀች ነው።