ወደ ጣሊያን ባሕር የሚወስደው መንገድ

ከአጥሩ ሳይወጣ ዓለምን የሚዞር ሽማግሌ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጠዋት ጠዋት መስታወቴ ውስጥ አገኘዋለሁ።

ቁስቋም ሰፈር፣ ደጄ ላይ ከጎረቤቴ ከአያ ተገኘ ጋር ቁጭ ብለን፣ በስልክ ፎቶ እያየን፣ እንደምሄድ ሁሉ የምኖርበትን የጣሊያን ባሕር ዳርቻ መንደርና ቤት እንመርጣለን።

«የዚህኛው ቤት መስኮት ሸጋ ነው፣ ባሕሩን ያያል፤ ዳገቱ ግን ለጉልበትህ አይሆንም» ይለኛል።

«ምነው፣ የስሜን ሰው ዳገት ይፈራል?» እላለሁ፣ ምርኩዜን እየደበቅሁ።

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ስንጨቃጨቅ ስልኩ ጮኸ፤ መካነ ብርሃን ከተማ ያለችው እህቴ አርፋለች። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በአገሩ ግጭት ተዘግቷልና ከቀብሯ አልደረስሁም።

ልታስተዛዝነኝ የመጣች ጎረቤት፣ «እኔን አያ፣ እርስዎ አፈር እንኳ ሳያለብሷት ቀሩ!» አለችኝ።

«በየት በኩል ሄጄ?» አልኋት።

ወደ ጣሊያኑ ባሕር ከሆነ ግን ጠይቁኝ፤ ባቡሩ የት የት እንደሚቆም በቃሌ አውቀዋለሁ።