ለሁለት ልጆች አንድ ደረጃ

ለሁለት ልጆች አንድ ቁጥር ጫማ የሚገዛ አባት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። ለሁለት ልጆች አንድ የትምህርት ደረጃ የገዛ አባት ግን አውቃለሁ። የምኖረው እሳቸው ቤት ነው።

ጋሽ መስፍን ይባላሉ። ሮም፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ ትራም ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቹ የሚንጫጩበት ቤት አላቸው። ከዚያ ውስጥ ጠባቧን ክፍል አከራይተውኛል። ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ባለው ገበያ ቅመም ይሸጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዓለም አንዲት አሮጊት ጣልያናዊት ይጦራሉ፤ እዚያው ነው የሚያድሩት። ቤታቸው የሚመጡት፣ እንደ ብዙዎቹ የእኛ ሴቶች፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ሳሮን አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ናታን ስምንት። እኔን «መምህር» ይሉኛል። ደብረ ብርሃን ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ነበር። አሁን መጋዘን ውስጥ ዕቃ እደረድራለሁ፤ ማዕረጌን ግን የነጠቀኝ የለም።

ነገሩ የጀመረው በብስኩት ነው። የሳሮን ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠራ። ጋሽ መስፍን ሱፋቸውን ለብሰው ሄዱ። ፕሮፌሶሬሳዋ፣ አስተማሪዋ ማለት ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ወላጅ ስታነጋግር የዋለች ናት፤ ርቧት ኖሮ ስለ ሳሮን እየነገረቻቸው ብስኩት ትበላ ነበር። ልጅቷ ጎበዝ ናት፣ ወሬ ግን ታበዛለች አለቻቸው። ወሬ ማብዛቷን አባቷም ያውቃሉ። ያንገበገባቸው ሌላ ነው። ሴትዮዋ «እንብላ» አላለችም! ፊታቸው ቁጭ ብላ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ ብቻዋን! «እንብላ» ብትላቸውስ ይበሉ ነበር? አይበሉም። «ብሉ፣ አሁን ከቤት መውጣቴ ነው» ይሉ ነበር። ግን ወግ የሚባል ነገር አለ።

ቤት ሲገቡ ስለ ብስኩቱ ትንፍሽ አላሉም። የተከበረ ሰው በብስኩት ተናደድኩ አይልም። የተናገሩት ስለ ትምህርት ፍልስፍና ነው። የዚህ አገር ትምህርት ቤት ልጅ ያበላሻል አሉ። ሥነ ምግባር የሚባል የለም አሉ። አሎራ፣ እንግዲህ፣ ከመስከረም ጀምሮ ልጆቼን እዚሁ ቤቴ አስተምራለሁ አሉ። ሕጉ ይፈቅዳል። ወላጁ «ማስተማር እችላለሁ» ብሎ ያስታውቃል፤ ልጁ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ መንግሥት ትምህርት ቤት ሄዶ ይፈተናል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። አህያዋ ብስኩቷን ጨርሳ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ዳውላዎቹ ሳሮንና ናታን ሆኑ። አህያ ስል ተረቱን ነው፤ ሴትዮዋን እንዳይመስላችሁ።

እንግዲህ ሰው ልጆቹን ራሱ ሊያስተምር ሲነሣ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? መጽሐፍ ያነባል ትሉ ይሆናል። የለም፤ ስልኩን ይከፍታል። ስልኩ ውስጥ አንድ ሰውዬ አለ። እንዲህ ያለ ሰውዬ መቼም አይጠፋም። ክራባት አስሯል፤ ከኋላው ተከፍተው የማያውቁ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ልጅን ቤት ውስጥ ስለማስተማር ይመክራል፤ በካርቶን የታሸገ ትምህርትም ይሸጣል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ደረጃ በደረጃ ተከፋፍሏል። ዕድሜያቸው የተለያየ ልጆች ያሉትስ ወላጅ የትኛውን ደረጃ ይምረጥ? ሰውዬው መልስ አለው። ዕድሜያቸውን ደምሩ፣ አካፍሉ፣ መሃል ላይ ያለውን ደረጃ ግዙ። ልጆቹ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ መጽሐፍ ይማራሉ፤ ቤተሰብም ይጠነክራል።

የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ ብያችኋለሁ። መደመሩ ትክክል ነው። ማካፈሉም ትክክል ነው። የአሥራ ሁለትና የስምንት መሃል አሥር ነው። ችግሩ፣ በዚያ ቤት አሥር ዓመት የሆነው ልጅ የለም። ትምህርቱ የተገዛው ላልተወለደ ልጅ ነበር።

ይህን ለጋሽ መስፍን ነግሬያቸዋለሁ። በደንብ አስቤ፣ ቃላቴን መርጬ። ግን «ምናልባት» ብዬ ጀመርኩ። ምናልባት ለትንሹ ይከብደው ይሆን? ምናልባትስ ትልቋን ያሰለቻት ይሆን? እንዲህ ብሎ የሚጀምርን ሰው ማን ይሰማዋል? ስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ «ያለ ጥርጥር» ነው የሚለው። ጋሽ መስፍን ሳቁብኝ። «ናታን እንደሆነ ያድግበታል» አሉ።

ያድግበታል! በዚህች ቃል ውስጥ ያላደገ ሐበሻ አለ? የበዓል ሱሪያችን ከታች ሦስቴ ተጠቅልሎ፣ ከላይ በገመድ ታስሮ «ያድግበታል» ይባል ነበር። ልክ የሆነን ቀን ጉልበቱ ተቀድዷል። ሳሮንስ? ስል ጠየቅሁ። «እሷማ ትከልሰዋለች።»

እሑድ እሑድ የምንሄድበት ቤተ ክርስቲያን ግቢም ምክር አልነፈጋቸውም። አንዱ ሁለቱንም ከሀ ሁ ይጀምሩ አለ። አንዷ የወንድሟን ልጅ ታሪክ አምጥታ፣ ልጅ ከዕድሜው ሁለት ደረጃ ከፍ ሲል ነው የሚበስለው አለች። የወንድሟ ልጅ አሁን ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁ፤ ወሬ ቀየረች። ልጆቹን የጠየቀ ሰው ግን አላየሁም።

ካርቶኑ ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ደረሰ። መለኪያ ፈተና አለው። ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ስሕተት ሲበዛበት ያቆማል፤ የቆመበት ቦታ ደረጃው ነው። ሳሎን ተቀመጥን። ሳሮን ጀመረች። ይህች ልጅ ጣልያንኛ ስታነብ ፎቁ ሁሉ ጸጥ ብሎ ያዳምጣታል። እንግሊዝኛዋ ግን ትምህርት ቤት በሳምንት ጥቂት ሰዓት የምታገኘው ነው። ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ሳትወጣ ቆመች። ናታን ተተካ። ናታን ቀኑን ሙሉ የጌም ቪዲዮ ሲያይ ይውላል፤ ቪዲዮው በእንግሊዝኛ ነው። እንደ ውኃ ወረደው። እህቱ የቆመችበትን ገጽ ሲያልፍ ቀና ብሎ አያት። ያነበበው ሁሉ የገባው አይመስለኝም፤ ፈተናው ግን ይህንን አይጠይቅም።

ጋሽ መስፍን ብይን ሰጡ። ሁለቱም ያንኑ መካከለኛውን ደረጃ ይማራሉ። ናታን ግን የክፍል አለቃ ይሆናል።

የክፍል አለቃ! ሁለት ተማሪ ባለበት ክፍል! የክፍል አለቃ ሥራው ምን እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ፤ አስተማሪ ሲወጣ የረባሾችን ስም ይጽፋል። ከሁለት ተማሪ አንዱ አለቃ ከሆነ ረባሹ ማን ሊሆን ነው? ደግሞስ ታናሽ በታላቁ ላይ ሲሾም የት አገር ታየ? ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ናታን ይህን ተረት ሰምቶ አያውቅም፤ ግን ማንም ሳያስተምረው ገባው። ሳምንት ሳይሞላው የእህቱን ስም ለመሰረዝ ጄላቶ መቀበል ጀመረ።

«ለልምምድ» ተብሎ ሐምሌን ከሰዓት በኋላ ተማሩ። የሮምን ሐምሌ የማያውቅ ይኖራል፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ጋሽ መስፍን ከጎህ ጀምረው ጆንያ ሲሸከሙ የዋሉ ሰው ናቸው። ስለ ጥንቸሎች የሚተርከውን ገጽ ያስከፍቱና «አንብቡ» ብለው ሶፋው ላይ ይሄዳሉ። መሄድ ስል እንቅልፍ ነው። አንድ ቀን ሲነቁ የረባሾቹን ወረቀት አዩት። አለቃው በጣልያንኛ «ፓፓ፦ ያንኮራፋል» ብሎ ጽፎባቸዋል። ሐቀኛ ሹም አገኘሁ ብለው ደስ አላቸው? ያን ቀን ከሥልጣን አገዱት።

ሳሮን ኩሽና ውስጥ ሳህን ሳጥብ መጣች። ስትናደድ አማርኛዋና ጣልያንኛዋ ይጋፋሉ።

«መምህር፣ ኖን ኤ ጁስቶ! ፍትሕ የለም!»

መስከረም ላይ የክፍሏ ልጆች በሙሉ ወደ ሁለተኛ ዓመት፣ በእኛ ሰባተኛ ክፍል፣ ያልፋሉ። ጓደኛዋ ጁሊያ ከጎኗ ወንበር እንደምትይዝላት ነግራታለች። እሷ ግን ከናታን ጋር ስለ ጥንቸል ልታነብ ነው።

«እስከ መቼ ትይዝልኛለች?» አለችኝ። «ዝም ብሎ ባዶ ወንበር አይሰጡም እኮ። ደግሞ የዓመቱ ፈተና በጣልያንኛ ነው አይደል? እንግሊዝኛ አጥንተን በጣልያንኛ? ፓፓ ያውቃል?»

ያውቃሉ። ይህንንም ነግሬያቸው ነበር። «ያኔ ይታያል» አሉኝ። ማስታወቂያውን ቢሮው ከነሐሴ ዕረፍት ሲመለስ ሊያስገቡ ቆርጠዋል። አንዴ ከገባ ከጁሊያ ጎን ያለው ወንበር ለሌላ ልጅ ሊሰጥ ነው።

ሐሙስ እትዬ ዓለም መጡ። ሳሮን ሁሉንም ነገረቻቸው። አሁን ቤቱ ሊቀወጥ ነው ብዬ በሬን ዘጋሁ። አልተቀወጠም። ዝም አይነቅዝም። ቆየት ብለው ኩሽና ጠሩኝ።

«ስማ ልጄ፣ ተሳስተሃል ብዬ ብነግረው እስከ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ነው የሚያስተምራቸው። ባሌን አውቀዋለሁ። ይሄ ሰው ስለ ትምህርት ምንም አላሰበም፤ ተቀይሞ ነው።»

ታዲያ ምን ይሻላል? አልኳቸው።

«የተቀየመ ሰው ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላክበታል።»

ከማን ጋር ሊታረቁ? ከትምህርት ቤቱ ጋር። ትምህርት ቤቱ እኮ መጣላቱን አያውቅም ብላቸው፣ «ምን ያደርግለታል ማወቁ?» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ወልዴ መጡ። ሮም ከሁላችንም በፊት የገቡ፣ ስንት ባልና ሚስት ከፍርድ ቤት ደጅ የመለሱ አዛውንት ናቸው። የኢጣልያን መንግሥት ትምህርት ቤት ወክለው ሲሸመግሉ ግን የመጀመሪያቸው ነበር። እኔንም ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ለሽምግልና ዕድሜዬ አይደለም፤ እትዬ ዓለም ግን «ከትምህርቱ ወገን ሰው ያስፈልጋል» አሉ። ቀዝቃዛ ቢራ ቀረበ። ጋሽ ወልዴ ብርጭቋቸውን ገፋ አድርገው «እሺ ሳትለን አንቀምስም» አሉ። እኔም ገፋሁ። በዚያ ሙቀት የሽማግሌ ሥራ ከባድ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ጋሽ መስፍን አቤቱታቸውን ጀመሩ። ስለ ሥነ ምግባር ተናገሩ። ስለ ሥርዓተ ትምህርት ተናገሩ። ጋሽ ወልዴ «እሺ፣ እሺ» እያሉ ጠበቁ። ለካ ሽምግልና ማለት ለሰው የሚነገረው ምክንያት እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። አለቀ። ብስኩቱ ወጣ።

«ፊቴ ላይ ስትቆረጥም፣ ጋሽ ወልዴ! እንብላ አይባልም?»

«ነውር ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ። «ጥፋተኛዋ እሷ ናት።»

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!»

«አይነቀንቁም። ግን ምን ታደርገዋለህ፣ እነዚህ ሰዎች የወለደቻቸውን እናትም እንብላ አይሉም።»

ይህ እውነት አይደለም። መጋዘኑ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ጣልያናዊ በየቀኑ ዳቦውን ይዘረጋልኛል። «ምናልባት» ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ወልዴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ።

«ታዲያ ለምን ራሷ መጥታ አትጠይቀኝም?» አሉ ጋሽ መስፍን።

«ብታውቅማ ትመጣ ነበር። ይኸው የሙያ ወንድሟ መጥቷል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ተነሣ መምህር፣ በሙያህ ስም ይቅርታ ጠይቅ።»

ተነሣሁ። ምን ልበል? ያልበላሁትን ብስኩት ይቅር ይበሉኝ አልኩ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል የሳሎኑ በር ገርበብ ብሎ አየሁት። ናታን አፉን በሁለት እጁ ይዞ ይስቃል። ሳሮን አትስቅም። እጀታውን ጨብጣ፣ ዓይኗን አባቷ ላይ ተክላ፣ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች።

ጋሽ መስፍን ጣራውን አዩ። መስኮቱን አዩ። ካርቶኑን አዩ።

«ለእናንተ ስል ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለእሷ ብዬ እንዳይመስላችሁ። መስከረም ላይ ይመለሱ።»

በሩ ተበርግዶ ሳሮን አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እሳቸውም ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት። ቢራው ሞቆ ነበር፤ ጠጣነው። እትዬ ዓለም ምንም እንዳልሰማ ሰው «ምን ተባባላችሁ?» እያሉ ምሳ ይዘው ገቡ። ካርቶኑን በሳምንቱ ጋሽ መስፍን የሚያውቁት አንድ አባት ወሰደው። ልጆቹ ሦስት ናቸው። ደምሮ ለሦስት እያካፈለ ነው አሉ።

ኅዳር ላይ ትምህርት ቤቱ እንደገና ወላጆችን ጠራ። ጋሽ መስፍን ጣልያንኛው ቢያስቸግር ብለው እኔን ይዘውኝ ሄዱ። ፕሮፌሶሬሳዋ በፈገግታ ተቀበለችን። ሳሮን ከጁሊያ ጋር ተቀምጣለች፣ በርትታለች፣ አሁንም ታወራለች አለች። ስትጨርስ ጋሽ መስፍን ተነሡ። የሱፋቸውን ቁልፍ ቆለፉ። የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና በጥንቃቄ፣ ቃል በቃል፣ በጣልያንኛ «ሲኞራ፣ እኔ ይቅር ብዬዎታለሁ» አሏት።

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ።

ምን አጥፍቼ ነው? አለች፤ ከልቧ ደንግጣ።

ጋሽ መስፍን እጃቸውን ከፍ አድርገው አስቆሟት። በሽማግሌ ያለቀ ነገር ነው፣ ሲኞራ፣ አናንሣው አሏት፤ ወጡም። ደረጃውን ሲወርዱ እንደዚያ ቀሎት ያየሁት ሰው የለም።

ሳሮን እንደምትለው፣ ፕሮፌሶሬሳዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ኮሪደር ላይ ባገኘቻት ቁጥር ታስቆማታለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃታለች፤ አባትሽ አሁንስ እንዴት ናቸው?