ጋሼ ቅዳሜ ሲዝናኑ

መምህር፦ አፍንጫህን መልስ!

ቀለም ቀቢ፦ የት ነው የምመልሰው ጋሼ? ከፊቴ ላይ ንቅንቅ አላለም እኮ።

መምህር፦ ቅድም ከመጋረጃው እጥፋት ጋር ትይዩ ነበር። አሁን ወደ ግራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሄዷል።

ቀለም ቀቢ፦ ብቻውን ነው የሄደው ወይስ እኔም አብሬው አለሁ?

መምህር፦ አብረኸው ነህ እንጂ! ጭንቅላትህን ነው ያዞርከው።

ቀለም ቀቢ፦ እፎይ! ጥሎኝ የሄደ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

(ቅዳሜ ረፋድ ነው። በመምህሩ ሳሎን ውስጥ የምግብ ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ ተገፍቶ፣ በቦታው አንድ ሸራ ቆሟል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሂሳብ ያስተማረው መምህር በቀኝ እጁ ብሩሽ፣ በግራው ማስመሪያ ይዟል። መስኮቱ ሥር፣ ትራስ የተደረገበት ወንበር ላይ የተቀመጠው የሟች ሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ሥራው ቤት መቀባት ነው፤ ቱታውን እንኳ አላወለቀም። ባልዲውንና ሮለሩን ደጅ ትቶ ገብቷል።)

ቀለም ቀቢ፦ አንዴ ተነስቼ ልየው? አንገቴ ደረቀ።

መምህር፦ እጅህን አውጥተህ ጠይቅ።

ቀለም ቀቢ፦ (እጁን አውጥቶ) መምህር፣ ልየው?

መምህር፦ እይ። በሩቁ።

ቀለም ቀቢ፦ (ዞሮ መጥቶ ሸራውን ብዙ ከተመለከተ በኋላ) ውይ! እንዴት ታምራለች!

መምህር፦ ማን?

ቀለም ቀቢ፦ ማንቆርቆሪያዋ።

መምህር፦ የምን ማንቆርቆሪያ! አንተ ነህ!

ቀለም ቀቢ፦ እኔ? ታዲያ ይሄ የምትቀዳበትስ?

መምህር፦ አፍንጫህ ነው።

ቀለም ቀቢ፦ እጀታዋስ?

መምህር፦ ጆሮህ!

ቀለም ቀቢ፦ ከላይ የሚወጣው እንፋሎትስ?

መምህር፦ ፀጉርህ ነው፣ ፀጉርህ!

ቀለም ቀቢ፦ እንግዲያው ቶሎ ቢያወርዱኝ ይሻላል ጋሼ፤ ፈልቻለሁ።

መምህር፦ ስማ፣ የሥዕል መጽሐፉ በግልጽ አስቀምጦታል። የሰው ፊት ሦስት እኩል ክፍል ነው። ከፀጉር እስከ ቅንድብ አንድ፣ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ጫፍ አንድ፣ ከዚያ እስከ አገጭ አንድ። ያንተን ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ እኩል አይመጣም። ስለዚህ ስህተቱ ያለው በእኔ ሥዕል ላይ ሳይሆን በአንተ ፊት ላይ ነው።

ቀለም ቀቢ፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ!

መምህር፦ ግንባርህ ብቻውን ግማሹን ወስዷል።

ቀለም ቀቢ፦ ድሮ ልክ ነበር። ፀጉሬ ነው እያፈገፈገ ቦታ የለቀቀለት። …ጋሼ፣ እኔም እኮ ቀለም ላይ ነው ያረጀሁት። ከፈለጉ ትንሽ ላግዝዎት።

መምህር፦ አንተ የምትቀባው ግድግዳ ነው። ግድግዳ ስሜት የለውም።

ቀለም ቀቢ፦ እርጥበት ግን አለው። እሱም ቀላል አይደለም። …አንድ ፎቶ ላንሳው? ለማስታወሻ።

መምህር፦ አንሳ። ልጆችህ አንድ ቀን ይኮሩበታል።

ቀለም ቀቢ፦ ሻይ እንዳያምራቸው ነው የምፈራው።

(ፎቶውን አነሳና ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።)

ቀለም ቀቢ፦ (ሲቀመጥ) ኧረ! ይሄ ትራስ ይዋጋል!

መምህር፦ ቀስ ብለህ ተቀመጥ! ውስጡ ሰማንያ ሁለት ተማሪ አለ።

ቀለም ቀቢ፦ (ብድግ ብሎ) ምን አለ?

መምህር፦ የፈተና ወረቀታቸው ነዋ። ያልታረመ። ልጄ እንዳታየው እዚያ ውስጥ ከተትኩት።

ቀለም ቀቢ፦ ለካ! አንዱ ልጅ ግን ስቴፕለሩን አብዝቶታል። ሲያርሙ እሱን በደንብ ነጥብ ቢቀንሱበት ደስ ይለኛል።

መምህር፦ ዛሬ ለምን እንደምስል ሦስት ጊዜ ነግሬሃለሁ። ለአራተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ላስረዳህ። ጆሮህን ስጠኝ።

ቀለም ቀቢ፦ ሳልንቀሳቀስ?

መምህር፦ ሳትንቀሳቀስ! ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ስትመጣ ምን እያደረግሁ አገኘችኝ?

ቀለም ቀቢ፦ ፈተና እያረሙ።

መምህር፦ ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜስ?

ቀለም ቀቢ፦ ፈተና እያረሙ።

መምህር፦ ጎበዝ። ምን አለችኝ? «አባዬ፣ እማዬ ከሞተች ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ ይዘህ ብቻህን መቀመጥ ሆኗል ኑሮህ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለነፍስህ የምትሠራው ነገር ካላየሁ ዕቃህን ጭኜ እኔ ቤት እወስድሃለሁ» አለች። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ያኔ እኔ እዚህ ቆሜ፣ ብሩሽ ይዤ፣ እየተዝናናሁ መገኘት አለብኝ። ገባህ?

ቀለም ቀቢ፦ ቤቷ ግን ደህና ነው። ሳሎኗን ሁለት እጅ የቀባሁት እኔ ነኝ።

መምህር፦ ቤቷን መች ጠላሁ? ከዚህ ቤት አልወጣም ነው ያልኩት።

ቀለም ቀቢ፦ (ወደ መስኮቱ ዞሮ) ይሄን መጋረጃ እትዬ ናት የሰፋችው አይደል?

መምህር፦ ማን እንደሰፋችው አውቃለሁ። አገጭህን ቀና አድርግ።

(መምህሩ ቀለም ሲያዋህድ ቀለም ቀቢው ስልኩን በጎን አውጥቶ አንዴ እያነበበ አንዴ እየጻፈ ነካካና መልሶ ኪሱ ከተተው።)

መምህር፦ ደግሞ የትራሱን ነገር ለማንም ትንፍሽ እንዳትል።

ቀለም ቀቢ፦ እኔ? ከእኔ ወሬ ይወጣል ጋሼ? …ይልቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምንድን ነው?

መምህር፦ የዕለቱ የመዝናኛ ዕቅድ ነው። ያለ ዕቅድ የሚዝናና ሰው ምኑን ተዝናና?

ቀለም ቀቢ፦ (አንገቱን አስግጎ እያነበበ) «ዓላማ፦ በክፍለ ጊዜው መጨረሻ መምህሩ የመዝናናትን ትርጉም ዘርዝሮ ያስረዳል። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ የመዝናናት መግቢያ። አራት ሰዓት፣ መዝናናት። አምስት ሰዓት፣ የመዝናናት ክለሳ። አምስት ሰዓት ከሩብ፣ ሳቅ፤ አምስት ደቂቃ።» ጋሼ! አምስት ከሩብ እኮ አልፏል!

መምህር፦ (ሰዓቱን አይቶ ደነገጠ) ታዲያ ለምን አታስታውሰኝም!

ቀለም ቀቢ፦ አትንቀሳቀስ ብለውኝ።

መምህር፦ በል ማካካሻ እንይዛለን። ሳቅ።

ቀለም ቀቢ፦ በምን?

መምህር፦ በምንም። ዝም ብለህ ሳቅ። አንድ፣ ሁለት…

(ሁለቱም ጥርሳቸውን አሳዩ። ድምፅ አልወጣም። መምህሩ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ እንደተከለ ሁለቱም ሦስት ደቂቃ እንዲሁ ቆዩ።)

ቀለም ቀቢ፦ ጋሼ፣ መንጋጋዬን ያዘኝ።

መምህር፦ ሁለት ደቂቃ ይቀራል፤ አትልፈስፈስ።

(በዚህ ጊዜ የቀለም ቀቢው ስልክ ኪሱ ውስጥ ነዘረ። በጎን አውጥቶ አነበበና ትከሻው እስኪርገፈገፍ በእውነት ሳቀ።)

መምህር፦ ስልክ! በእኔ ክፍል ውስጥ ስልክ!

ቀለም ቀቢ፦ ኧረ ሳሎን ነው ጋሼ።

መምህር፦ እስከ ስድስት ሰዓት ክፍል ነው። አምጣ! (ቀምቶ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት) ወላጅህን ይዘህ ስትመጣ ትወስዳለህ።

ቀለም ቀቢ፦ የት አባቴ አገኛለሁ? ከእርስዎ ሌላ ማን ቀረልኝ?

መምህር፦ (ቁልፉን ኪሱ እየከተተ) እንግዲያው ስድስት ሰዓት ላይ እኔው እፈርምልሃለሁ። ተቀመጥ።

(መምህሩ ወደ ሸራው ተመለሰ። ማስመሪያውን ፈለገ፤ መሳቢያው ውስጥ አብሮ ቆልፎበታል። ለመክፈት ሰነፈና ያለ ማስመሪያ ጀመረ። የድሮውን አፍንጫ በጨርቅ ጠርጎ አዲስ አፍንጫ በዓይኑ ግምት ሳለ። ከዚያ አገጭ፣ ከዚያ አንድ ዓይን። ዕቅዱንም ሰዓቱንም ረሳ። በአፉ የሆነ ዜማ ያንጎራጉር እንደነበር እንኳ አልታወቀውም። ቀለም ቀቢው ግን አንገቱን እያሰገገ ሸራውን ባየ ቁጥር ፊቱ እየጠቆረ ሄደ።)

ቀለም ቀቢ፦ ጋሼ፣ አሁንስ አይበቃም?

መምህር፦ ዝም በል። ቅንድብህ እየመጣልኝ ነው።

ቀለም ቀቢ፦ ምነው ደህና በነበርንበት! ብሩሹ ቆሽሿል፤ አይታጠብም?

መምህር፦ እውነትህን ነው። «የመሣሪያ ጽዳት፣ ሰባት ደቂቃ።» መጣሁ።

(መምህሩ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ቧንቧው ተከፈተ። ብሩሹን እንደ ሕፃን እያሻሸ አጠበ፤ ካፉ ዜማው አልወረደም። ሲመለስ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ቀለም ቀቢው ሮለር ይዞ ሸራው ፊት ቆሟል። ሸራው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።)

መምህር፦ የታለህ?

ቀለም ቀቢ፦ ይኸው አለሁ ጋሼ።

መምህር፦ ሸራው ላይ! ሸራው ላይ የታለህ?

ቀለም ቀቢ፦ ከሥር ነኝ። አንድ እጅ አልብሼዋለሁ፤ ሲደርቅ ሁለተኛውን…

መምህር፦ ጉድ ሠራኸኝ! አፍንጫው! ቅንድቡ! ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት! አሁን ልጄ ስትገባ ምን ላሳያት? ነጭ ሸራ? ወይስ ሰማንያ ሁለት ወረቀት የዋጠ ትራስ? በቃ፣ ዕቃዬን ልሰብስብ!

ቀለም ቀቢ፦ ይረጋጉ ጋሼ፣ ቁጭ ይበሉ…

መምህር፦ በዚህ ትራስ ላይ?

(ከተቆለፈው መሳቢያ ውስጥ ስልክ ጮኸ። መምህሩ ቁልፉን አውጥቶ ከፈተው። ስልኩ ላይ የልጁ ፎቶ ይስቃል። ጥሪው ተቋረጠ።)

መምህር፦ ልጄ አንተ ጋ ለምን ትደውላለች?

ቀለም ቀቢ፦ እ… ለሰላምታ ይሆናላ።

መምህር፦ ዓይኔን እያየህ ተናገር።

ቀለም ቀቢ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ጋሼ። ልጅቷ ዛሬ አትመጣም፤ ሥራ ይዟታል። «አጎቴ፣ አንተ ሄደህ አባዬ ምን እንደሚሠራ አይተህ ንገረኝ» ብላ እኔን ወከለችኝ።

መምህር፦ ሰላይ! ሰላይ ነው ስስል የዋልኩት! ምነው ታዲያ ስትገባ አትነግረኝም?

ቀለም ቀቢ፦ ብነግርዎት ይስሉኝ ነበር?

መምህር፦ የትራሱንም ነገርካት?

ቀለም ቀቢ፦ መጀመሪያ የነገርኳት እሱን ነው። ተቀምጬበት እኮ ነው፤ እንዴት ልርሳው?

መምህር፦ በቃ አለቀልኝ።

ቀለም ቀቢ፦ መች አለቀልዎት? «ሥዕሉስ?» አለችኝ። ፎቶውን ላክሁላት። ከዚያ እውነቱን ነገርኳት፤ አባትሽ ሥዕል አይችልም አልኳት።

መምህር፦ ምን አልካት?

ቀለም ቀቢ፦ ጭራሽ አይችልም፣ እኔን ማንቆርቆሪያ አድርጎኛል አልኳት። ቅድም ያሳቀኝ የእሷ መልስ ነው። «አጎቴ፣ አባዬ የማይችለውን ነገር ሲሞክር በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። የማይችለውን እየሠራ እስከ ስድስት ሰዓት ከቆየ፣ ድኗል ማለት ነው። እዚያው ቤቱ ይኑር፤ አልነካውም» ነው ያለችው።

(መምህሩ ትራሱን ረስቶ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ወረቀቱ ሥሩ ተንኮሻኮሸ። ወደ መስኮቱ አየ፤ ከዚያ ወደ ሸራው።)

መምህር፦ ታዲያ እሱን እያወቅህ ሸራውን ነጭ ያደረግኸው ለምንድን ነው?

ቀለም ቀቢ፦ ፈርቼ ነዋ! ማንቆርቆሪያው ሰው ሊሆን ነው። ማስመሪያውን ከተዉ በኋላ አፍንጫዬ መጣ፣ አገጬ መጣ፤ ቅንድቡ ሲጨመር እኔን ቁርጥ! ስድስት ሰዓት ላይ የመጨረሻ ፎቶ ላክልኝ ብላኛለች ደግሞ። «ችሏል» ብትል ምን ይውጠን ነበር?

መምህር፦ (ቀስ ብሎ ተነስቶ) አንተን ቁርጥ?

ቀለም ቀቢ፦ ኧረ ፎቶ ይበሉት!

መምህር፦ በአንድ ቅዳሜ? ያለ ማስመሪያ? (ሸሚዙን አስተካክሎ) ስልኩን ስጠኝ። ማነው አባትሽ አይችልም ያለሽ እላታለሁ! እንዲያውም ሲፈጥረኝ ሠዓሊ…

ቀለም ቀቢ፦ ጋሼ! በእትዬ ይሁንብዎ ዝም ይበሉ! ከቻሉ እኮ ዕቃዎ ሊጫን ነው!

(ስልኩ እንደገና ጮኸ። መምህሩ አነሳው። ቀለም ቀቢው ሮለሩን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ደረቱ ላይ አቀፈ።)

መምህር፦ ሄሎ… አዎ ልጄ፣ አባትሽ ነኝ… አዎ፣ ሁሉንም ነግሮኛል… እሱ ያለሽ… (የሚቀጥለውን ቃል በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ክፍልም ቤትም ተናግሮት አያውቅም) አል… አልች…

ቀለም ቀቢ፦ (በሹክሹክታ) ይግፉት ጋሼ፣ ሊወጣ ነው።

መምህር፦ አልችልም። …አዎ ልጄ፣ ሥዕል አልችልም። ጭራሽ። …እሺ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሞክራለሁ። …እዚሁ ቤቴ ነዋ። …እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ።

ቀለም ቀቢ፦ (ላቡን እየጠረገ) ተመስገን! ይዝጉት አሁን።

መምህር፦ (ሊዘጋ ሲል ፊቱ በራ፤ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰ) ልጄ? አንድ ነገር ብቻ። አጎትሽ እንዳያሳስትሽ፤ ሥዕል ባለመቻል እንኳን ቢሆን በዚህ ሰፈር እኔን የሚያክል የለም!