ጋሽ በፍቃዱ ካላጨበጨቡ አያልቅም

በየትኛውም አዳራሽ ውስጥ ነገሩ ማለቁን ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ሰርግ ላይ ቢሆን ዲጄው ሳያቆም ኮቱን ይለብሳል፤ ስብሰባ ላይ ቢሆን ሊቀመንበሩ "በመጨረሻም" ከማለቱ በፊት እስክሪብቶውን ኪሱ ይከታል። ፒያሳ፣ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዝቅ ብሎ ካለው አሮጌ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት የጀማሪ ደራሲያን አጫጭር ቴአትሮች የሚታዩበት አዳራሽ አለ። እዚያ ይሄ ሰው ጋሽ በፍቃዱ ይባላል። ይባላሉ እንበል እንጂ! ክቡር የፍጻሜ አብሳሪ፣ የሁለተኛው ረድፍ ባለርስት፣ የጭብጨባ አለቃ።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። አጭር ቴአትር የት ጋ እንደሚያልቅ የሚገባው ተመልካች ጥቂት ነው። አንዲት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ መብራቱ ድርግም ብሎ ይጠፋል። አለቀ? ወይስ መብራት ሄደ? በዚህ ከተማ ሁለቱም እኩል የሚጠበቁ ናቸው። ሰው በጨለማው ውስጥ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ያኔ ከሁለተኛው ረድፍ ጥግ "ጧ! ጧ! ጧ!" ይሰማል። ጋሽ በፍቃዱ ናቸው። አለቀ ማለት ነው፤ አዳራሹም ተከትሏቸው ያጨበጭባል።

አጨብጫቢ መባል በአገራችን የሚያስመሰግን ነገር አይደለም፤ እሳቸውን ግን ማንም ደፍሮ በዚህ ስም አይጠራቸውም። ሰላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ሆነው ደወል ያስደወሉ ሰው ናቸው። "እኔ የሚያልቅ ነገር ይሸተኛል" ይላሉ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ። አንድ ቅዳሜ የእውነት መብራት ሄዶ ተመልካቹ ግራ ሲጋባ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ "ይሄ እንኳን የደራሲው አይደለም፤ ተቀመጡ" አሉ። ከሩብ ሰዓት በኋላ መብራቱ መጣ፤ ተዋናዩም ካቆመበት ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ የሚጠራጠራቸው ጠፋ።

ከጭብጨባው በኋላ ውይይት አለ። "ሁለት ነጥብ ብቻ" ብለው ይነሳሉ። ሁለተኛው ነጥብ ላይ የደረሱበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም።

ከጀማሪ ደራሲያኑ አንዷ ሶሲ ግን በእሳቸው መሳቅ ካቆመች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። የመጀመሪያ ቴአትሯ ሊታይ ነው። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ ቢሮ ደብዳቤ ስትጽፍ እየዋለች፣ ምሳ ሰዓቷን እየቆጠበች የጻፈችው የአስራ አራት ደቂቃ ሥራ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የምትኖር አንዲት ሴት ጎረቤቶቿ ሁሉ ቤታቸው ፈርሶ ሄደዋል፤ እሷም ተራዋ ደርሶ ዕቃ እያሰረች ነው። መሀል ላይ እንደለመደችው ወደ አጥሩ ዞር ትልና "ዙህራ!" ብላ ትጣራለች። ጎረቤቷ ዙህራ ከሄደች ወር አልፏታል። ሴትየዋ ባለችበት ቆማ አርባ ሰከንድ ዝም ትላለች። ከዚያ ሌላ ስድስት ደቂቃ ይቀራል።

ይቺን አርባ ሰከንድ ሶሲ ከእናቷ ከወይዘሮ አሰፋች ነው የወሰደቻት። እናቷ ዛሬም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነው፣ ሽንኩርት ሲያልቅባቸው በረንዳ ወጥተው በፈረሰው ሰፈር የነበረች ጎረቤታቸውን "ዙህራ!" ብለው ይጣራሉ። ከዚያ ዝም ይላሉ። ሶሲ ስለዚህ ዝምታ እናቷን አንድም ቀን አነጋግራቸው አታውቅም፤ እንዴት ተደርጎ ይነገራል? ቴአትሩ እንዲነግርላት ነው የጻፈችው፤ ስሙን እንኳን አልቀየረችውም። እናቷ ሊያዩ ይመጣሉ። ዝምታው ከተበላሸ የሚያዩት አንዲት ሴት ዕቃ ስታስር ብቻ ነው።

የፈራችው ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ወር ጎይቶም የሚባለው ደራሲ ላይ የደረሰውን በዓይኗ አይታለች። የጎይቶም ተዋናይ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ትንሽ ቆየ። ጋሽ በፍቃዱ "ጧ!" አደረጉ። አዳራሹ ተከተለ፤ መብራቱን የሚይዘው ያቤፅ ደንግጦ አጠፋው፤ ተዋናዩም ምን ያድርግ፣ እጅ ነስቶ ወጣ። ግማሹ ቴአትር እዚያው ቀረ። በውይይቱ ላይ ጋሽ በፍቃዱ ራሳቸው ተነስተው "ሁለት ነጥብ ብቻ። አንደኛ፣ አጨራረሱ! ሳይጨርስ የጨረሰ ደራሲ!" አሉ። ጎይቶምም "አመሰግናለሁ፣ ሆን ብዬ ነው" ብሎ ተቀመጠ።

ሶሲ ይሄ እንዳይደገምባት መላ ፈለገች። መጀመሪያ ያቤፅን አማከረችው።

"አርባ ሰከንድ?" አለ ያቤፅ። "ሶሲዬ፣ ፒያሳ ውስጥ አርባ ሰከንድ ዝም ያለ ሰው አምቡላንስ ይጠራለታል። አስር አድርጊያት።"

"አስር ከሆነችማ ተዋናይቷ ቃሉ የጠፋባት ነው የሚመስለው።"

"እንግዲያው ቀድመሽ ለጋሼ ንገሪያቸው።"

ሐሙስ ዕለት ማኪያቶ ከሚጠጡበት ባንኮኒ ጋ ቆመው አገኘቻቸው። ጉሮሮዋን ሦስት ጊዜ ጠራርጋ ጀመረች።

"ጋሼ፣ የቅዳሜው ቴአትር... መሀሉ ላይ ትንሽ ፀጥታ አለው።"

ጋሽ በፍቃዱ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "ልጄ፣ ለእኔ ነው መሀሉና መጨረሻው የሚነገረኝ?"

"አይ፣ እኔ እንኳን እንደው..."

"አይዞሽ። የሚያልቅ ነገር ይሸተኛል።"

ጭንቀቷ ብሶባት ተመለሰች። እስከ ቅዳሜ እህል አልወርድ አላት።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። እናቷን አምስተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጣ፣ እሷ የጎኑን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። መድረኩን አላየችም፤ የምታየው የጋሽ በፍቃዱን እጆች ብቻ ነበር። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ተዋናይቷ ኤዶም የያዘችውን ገመድ ለቀቀችና ወደ አጥሩ ዞረች። "ዙህራ!" አለች። ፀጥ። ሶሲ በልቧ መቁጠር ጀመረች። አምስት። አስር። የጋሽ በፍቃዱ እጆች ከጭናቸው ተነሱ። አስራ አራት። እጆቹ አየር ላይ ናቸው፤ ሶሲ ሮጣ ልትይዛቸው ምንም አልቀራት። አስራ ዘጠኝ ላይ፣ እጆቹ ሳይገናኙ፣ ከሁለተኛው ረድፍ አንድ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ ወጣ።

"አቤት!"

አዳራሹ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ኤዶም ወደ ድምፁ ዞር አለች፤ ቀስ ብላም ወደ ገመዷ ተመለሰች። የቀረው ሃያ አንድ ሰከንድ ተበላ። ሶሲ ግድግዳው ስር ቁጢጥ አለች። አለቀልኝ፣ አለች በልቧ። ወደ እናቷ ለማየት ድፍረት አጣች።

ቴአትሩ ሲያልቅ መብራቱ ጠፋ፤ ማንም አላጨበጨበም። ጋሽ በፍቃዱ በሃፍረት ሁለቱ እጆቻቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ተመልካቹ ደግሞ እሳቸውን ይጠብቃል። ያቤፅ መብራቱን አበራ፣ አጠፋ፣ ደግሞ አበራ። በመጨረሻ ወይዘሮ አሰፋች "አለቀ እንዴ?" ሲሉ ሳቁና ጭብጨባው አንድ ላይ ፈነዳ።

በውይይቱ ሰዓት መድረክ መሪው "ጋሼ፣ ሁለት ነጥብዎን" ቢላቸው "ዛሬ ነጥብ የለኝም" አሉ። በኋላ ሶሲን ደረጃው ላይ ጠብቀው ያዟት።

"ይቅር በይኝ ልጄ፤ አመለጠኝ። አለቀ ብዬ እንዳይመስልሽ። ሴትየዋ ስትጣራ አቤት የሚላት ጠፋ። ሰው እየተጣራ እንዴት ዝም ይባላል? እኔ አልቻልኩም።"

ሶሲ ያዘጋጀችውን ቁጣ ተወችው። "ግድ የለም ጋሼ" አለች። ግድ ግን ነበራት፤ ሰውዬውን ልታንቃቸውም ልታቅፋቸውም ፈልጋ ነበር።

"የሚመጣው ቅዳሜ ድጋሚ ይታይ የለ? አፌን በመሐረብ ይዤ ነው የምቀመጠው። ቃሌ ነው።"

እናቷ በታክሲ ሲመለሱ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያወሩ ሄዱ። ሊወርዱ ሲሉ ብቻ "ቅዳሜም እመጣለሁ" አሉ።

መጡም። በዚህኛው ቅዳሜ ሶሲ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። ጋሽ በፍቃዱ እንዳሉት መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ኤዶም ገመዱን ለቀቀች፤ ዞረች፤ "ዙህራ!" አለች። አስር። ሃያ። ወንበር እንኳን አልተንቋቋም። ሠላሳ። አርባ ሰከንዱ ሙሉውን፣ ሶሲ ወረቀት ላይ እንዳሰበችው ሆኖ አለፈ፤ ደስ ይለኛል ብላ ብትጠብቅ ደስታው አልመጣ አላት።

ወይዘሮ አሰፋች ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

"እኚያ ሰውዬ ዛሬ አልመጡም እንዴ?"

"መጥተዋል እማዬ። እኚያውልሽ።"

እናቷ አንገታቸውን አስግገው ሁለተኛውን ረድፍ አዩት።

"ታዲያ ምነው ዝም አሏት?"