ጋሽ ባስልዮስ አይሸጡም

ያን ዕለት ጠዋት ፀሐይ ነበር፣ ቀትር ላይ ደመና፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ የዶሮ እንቁላል የሚያህል በረዶ የስደት ከተማችን ኦሮራ ላይ ወረደ። የሰኔ በረዶ እዚህ አገር ቀልድ አያውቅም። ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ የሶፋ ትራስ፣ ብቻ ያገኘውን ይዞ መኪናውን ለማዳን ፓርኪንጉ ላይ ተራወጠ። እኔ በሁለተኛ ፎቅ በረንዳዬ ላይ ቆሜ አየሁ። መኪና ስለሌለኝ የተጠቀምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ባስልዮስ ከሦስተኛ ፎቅ ሲወርዱ ራሳቸው ላይ ድስት ደፍተው፣ የሠርጋቸውን ብርድ ልብስ ታቅፈው ነበር። ኮሮላቸውን ሊያለብሱ ነው ብዬ ስጠብቅ አልፈዋት ሄዱ። ከታች የምትኖር አንዲት ነርስ ያቆመቻት ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ነበረች። ነርሷን በስም እንኳ አያውቋትም። ብርድ ልብሱን የሰው መኪና ላይ ዘረጉ፤ ነፋሱ ሲገልጥባቸው ጊዜ ደግሞ ራሳቸው ላዩ ላይ ተኙበት።

“ጋሽ ባስልዮስ! የእርስዎ እኮ እዚያ ነች!” ብዬ ጮኽኩ።

“ይቺም የኔ ናት!” አሉኝ፣ ድስቱን እያቀኑ። “ካምፓኒው ውስጥ ድርሻ አለኝ!”

ኮሮላዋ ያን ቀን ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ሆና ቀረች። እሳቸው ደግሞ ጀርባቸውን ሳምንት ሙሉ በቅባት ታሹ።

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ባለአክሲዮን አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ለቅሶ ቤት ከጎናችሁ ቁጭ ይልና “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” ካለ በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ለመሆኑ ገንዘብሽን የት ነው ያስቀመጥሽው?” ይላል። ሠርግ ላይ ሙሽራውን ጥግ አስይዞ ስለ ባትሪ ያስረዳዋል። የእኛ ሰፈር ባለአክሲዮን ጋሽ ባስልዮስ ናቸው፤ ክቡር ባለድርሻ፣ የፋብሪካ ባለቤት፣ የኤርፖርት ሾፌር።

እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አክሲዮን ማለት ምን እንደሆነ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

“ቅርጫ ታውቂያለሽ አይደል ጌጤ? አሥር ሰው ተዋጥቶ አንድ በሬ ይገዛል። አክሲዮንም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ ይሄኛው በሬ አይታረድም።”

“ታዲያ ካልታረደ ምን ይበላል?”

“ይወፍራላ!”

“ከወፈረ በኋላስ?”

“ሎንግ ተርም ነው ጌጤ፤ ለረጅም ጊዜ ነው። ሎንግ ተርም።”

በሬውን የገዙት ዕቁብ ሲደርሳቸው ነው። የኤርፖርት ሾፌሮች ዕቁብ ስንቱን ሰው ጎጆ አውጥቷል። አንዱ ለቤት ቀብድ ከፈለበት፣ ሌላው አዲስ ቫን ገዛበት፣ ሌላው ልጁን ዳረበት። ጋሽ ባስልዮስ ዕጣቸውን ተቀበሉና እንዳለ የዚያ የኤሌክትሪክ መኪና ፋብሪካ አክሲዮን አደረጉት። ሚስታቸው ፀዳል ይህን የሰማችው ከሰው ነው። ጮኸች ይሏታል፤ እኔ ከታች ሆኜ የሰማሁት ግን የድስት ክዳን ሲወድቅ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኤርፖርት ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ሎት ውስጥ፣ ሌላው በመኪናው እንቅልፉን ሲለጥጥ፣ እሳቸው ከመስኮት መስኮት እየዞሩ ይሰብካሉ። ዋጋው ሲወጣ “ገና ነው!” ይላሉ። ሲወርድ “ዲስካውንት ነው!” ይላሉ። ባለበት ሲቆም “ትንፋሽ እየሰበሰበ ነው” ይላሉ። የሚሸጥበት ቀን ካላንደራቸው ውስጥ የለም። ይህን ሁሉ የሚሰብኩት በቤንዚን ኮሮላ ተደግፈው ነው። “ለምን ከካምፓኒዎ አንድ መኪና አይገዙም?” ያላቸው ሁሉ አንድ መልስ ያገኛል፦ “የመኪናውን ዋጋ ይዤ አክሲዮን እገዛበታለሁ እንጂ!”

አንድ ጊዜ ካምፓኒው አንዱን አክሲዮን ለሦስት ከፍሎ ሦስት አደረገው። ጋሽ ባስልዮስ “ወለደች!” ብለው ሕንፃውን በሙሉ ገንፎ ጠሩ። ሄድን፤ ለገንፎ የማይሄድ ማን አለ? አቶ ወልደኣብ፣ የኤርትራው ሰው፣ ታክሲ ነድተው በጡረታ የወጡት፣ ከበር ሳይገቡ “ምጡ እንዴት ነበር?” አሉ። የጋሽ ባስልዮስ ልጅ ኑኃሚን ከምትኖርበት ከሌክውድ መጥታ ነበር።

“ዳድ፣ ሴም ፒዛ፣ ያው ፒዛ ነው እኮ” አለች። “ብዙ ስላይስ አደረጉት እንጂ።”

“አንቺ ገንፎሽን ብዪ!”

እስከዚህ ድረስ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው የፀዳል ጉልበት ነው።

ፀዳል አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሰው ስታነሳ ስታጥብ ነው የኖረችው። የእኛ ሕንፃ ሊፍት የለውም። ከሥራ ስትመለስ እኔ በር ድረስ ትወጣና ግድግዳውን ይዛ ትቆማለች። አንድ ቀን የወጥ ቤት ወንበሬን አውጥቼ ደረጃው መታጠፊያ ላይ አኖርኩላት፤ ከዚያ ወዲያ አላስገባሁትም። ሐኪሙ ጉልበቷ ኦፕሬሽን ይፈልጋል አላት፤ ግን ደረጃ ያለበት ቤት ከተመለሰች ልፋቱ ከንቱ ነው ብሎ አስጠነቀቃት። ስለዚህ ቤት እስኪገኝ ብላ ቀጠሮውን አስተላለፈች። ደግማም አስተላለፈች።

“ጌጤ፣ እኔ ፋብሪካ አልፈልግም” አለችኝ እዚያ ወንበር ላይ ሆና። “ደረጃ የሌለው ቤት ነው የምፈልገው።”

“ንገሪያቸዋ።”

“ነገርኩት። ሎንግ ተርም ነው ይለኛል።”

በመጨረሻ ሽማግሌ ላከችባቸው። አቶ ወልደኣብ፣ ከቤተክርስቲያን ወንድም ጳውሎስ፣ እኔም ሦስተኛ ሆኜ ቅዳሜ ከሰዓት ወጣን። አቶ ወልደኣብ ደረጃው ላይ እያለከለኩ “ዛሬ ይሸጣታል፤ ሳላሸጠው አልወርድም” ብለው ነበር። ወንድም ጳውሎስ ጸሎት አደረገ። ቃሉን ጠቅሶ ስለ ባልና ሚስት ተናገረ። ጋሽ ባስልዮስ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ከዚያ ቀና ብለው እንዲህ አሉ፦

“ልክ ናችሁ። ግን አንድ ነገር ላሳያችሁ።”

ስልካቸውን አወጡ። ዕቁቡን ያስገቡበትን ቀን አሳዩ፤ የዛሬውን አሳዩ። መሥመሩ ከታች ተነስቶ እንደ ሮኪ ተራራ ሽቅብ ይወጣል። ወንድም ጳውሎስ መነጽሩን አደረገ። አቶ ወልደኣብ ወንበራቸውን አስጠጉ።

“ይሄ... አሁን ሰው ቢገባ ይደርሳል?” አሉ አቶ ወልደኣብ።

“ገና ነው!” አሉ ጋሽ ባስልዮስ።

“አፑን ከየት ነው ዳውንሎድ የምናደርገው?” አለ ወንድም ጳውሎስ።

ፀዳል ሻይ ይዛ ስትመጣ ሦስቱም አንድ ስልክ ላይ ተደፍተዋል። እኔን አየችኝ፤ እኔም ጣሪያውን አየሁ። ስንወርድ ሁለቱ ሽማግሌዎች ባለአክሲዮን ሆነው ነበር። በሽምግልና ታሪክ፣ ሊያስታርቅ ሄዶ ፋብሪካ ገዝቶ የተመለሰ ሌላ አላውቅም።

ሆኖም ከክረምት በኋላ ዋጋው ወረደ። እንደ በፊቱ ትንሽ አይደለም፤ ቁልቁል ነው። አቶ ወልደኣብ ስልክ ደውለው በስፒከር ሲጮሁ እኔ ደረጃ ላይ ሆኜ ሰማሁ። “ባስልዮስ! በሬው ታመመ!”

“ዲስካውንት ነው፣ አቶ ወልደኣብ! እንዳይሸጡ!”

“አንተን ራስህን በዲስካውንት እሸጥሃለሁ!”

ወንድም ጳውሎስ ደግሞ ለካምፓኒው ይጸልይ ጀመር። ጋሽ ባስልዮስ እያንዳንዱን ያጽናናሉ። ለቅሶ ደራሽ እንጂ ባለድርሻ አይመስሉም ነበር። የራሳቸውን ስልክ ግን እምብዛም አያዩም።

በዚያው ሰሞን አንድ ማታ ልወጣ የቤቴን በር ልከፍት ስል የፀዳልን ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ። ወንበሩ ላይ ናት። ጋሽ ባስልዮስ የአስቤዛ ከረጢት ይዘው ከኋላዋ ደርሰዋል።

“ተነሽ እንጂ ፀዱ፣ አንድ ፎቅ ነው የቀረው።”

“አልችልም።”

“ትንሽ ታገሺ። ይመለሳል። ሎንግ ተርም...”

“አንተ ሰውዬ” አለች፣ ሳትቆጣ። “በሬው ሎንግ ተርም ነው። እኔ ግን አይደለሁም።”

መልስ ጠበቅኩ። “ገና ነው” ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። “ዲስካውንት” ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ከረጢቱ መሬት ሲቀመጥ ተሰማኝ፤ በበሩ ቀዳዳ ሳይ ከወንበሩ ሥር፣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ጉልበቷን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሽንኩርቱ እየተንከባለለ እስከ ታች ድረስ ወረደ። ማንም አልተከተለውም።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ቤት ገዙ። አጎራባች ከተማ ሴንቴኒያል ውስጥ፣ ትንሽ፣ ምድር ላይ የተኛች። ምርቃቱ ላይ ጋሽ ባስልዮስ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነስተው ተናገሩ፦ “ካምፓኒዬን አልነካሁም! ይህ ቤት የተገዛው በኤርፖርት ሥራ ነው!”

የኤርፖርት ሥራ ምን እንደሚከፍል እዚያ ቤት የማያውቅ ሰው አልነበረም። ግማሹ የኤርፖርት ሾፌር ነው። ሁላችንም “እግዚአብሔር ይባርከው” አልን።

ፀዳል ወጥ ቤት ውስጥ ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ። “በሬውን አረደው። አንዲቷን አክሲዮን ብቻ አስቀረ።”

“አንዲቷ ለምን?”

“‘ሰው ሲጠይቀኝ እንዳልዋሽ’ አለኝ።”

እኔ ለማንም አልተናገርኩም። ለአቶ ወልደኣብ ብቻ ነው የነገርኳቸው። እሳቸውም ለወንድም ጳውሎስ ብቻ ነገሩት። ወንድም ጳውሎስ ደግሞ ለጸሎት ቡድኑ ብቻ፣ ያውም በምስጋና ርዕስ።

ዋጋው ኋላ እንደገና ወጣ፤ ጋሽ ባስልዮስ የሸጡት ሳይወጣ በፊት ነው። የአቶ ወልደኣብ በሬም እሳቸው “አይሽጡ” ብለው ስለያዟቸው ዳነ። ይህን ሁሉ ሰው ያውቃል፤ ማንም ትንፍሽ አይልም። ይልቅ እሑድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ፣ ፓርኪንጉ ላይ ኮሮላዋን ተደግፈው ሲቆሙ፣ አቶ ወልደኣብ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

“ባስልዮስ! እስካሁን አልሸጥክም?”

ጋሽ ባስልዮስ ደረታቸውን ይነፋሉ። “አሁንም ይዣለሁ! አልሸጥም!”

“ምን ዓይነት ልብ ነው!” ይላል ወንድም ጳውሎስ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

አንዳንድ እሑድ አቶ ወልደኣብ ወሬ ይዟቸው ይረሳሉ። ያኔ ጋሽ ባስልዮስ ኮሮላዋን በመሐረብ እየወለወሉ ይቆያሉ፤ በረዶ የቀጠቀጣት መኪና ምን ይወለወላል! እኔ ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ደክሞኛል፣ አውቶቡስም ያመልጠኛል። ግን እግሬ እሺ አይለኝም።

“ጋሽ ባስልዮስ፣ ያ በሬ መቼ ነው የሚታረደው?”

ፊታቸው ሲበራ ማየት ነው። “ሎንግ ተርም ነው ጌጤ! ሎንግ ተርም!” ይሉና አውቶቡሴን እንድተወው ነግረውኝ፣ እስከ ቤቴ ድረስ ስለ ባትሪ እየሰበኩ ያደርሱኛል።

የፀዳል ጉልበት ተሠርቷል። ጋሽ ባስልዮስ አሁን ሴንቴኒያል ውስጥ፣ ደረጃ በሌለው ቤት፣ ከእሷ ጋር ይኖራሉ።